ከቁርስ ጋር

ቢቸና ጤና ጣቢያ ኮሪደር ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጥሁበት ሰዓት ቢደመር አንድ ክረምት ሙሉ ይወጣዋል። ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከሕመምተኞች መሀል ተራዬን እጠብቃለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴቶች፣ "ምንህን ነው የሚያምህ፣ ልጄ?" ይሉኛል። "አላመመኝም፣ ለሥራ ነው" ስላቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ጫፍ ይገፉኛል። ጤነኛ ሰው የሕመምተኛ ወንበር ለምን ይይዛል? ልክ ነበሩ፤ እኔም አልከራከርም።

የሥራዬ ስም ረጅም ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ "የሕክምና ሳይንስ አገናኝ" ይላል። መድኃኒት አስመጪው ድርጅት ሻጮችም ነበሩት፤ እነሱ እስክርቢቶና የግድግዳ ሰዓት እያደሉ "ይኸን እዘዙልን" ይላሉ። እኔ አልሸጥም። ሐኪሞች ስለ መድኃኒቱ ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ፣ አዲስ ጥናት ሲወጣ አስረዳቸዋለሁ፣ መድኃኒቱ ሰው ሲጎዳ መዝግቤ ወደ ላይ አስተላልፋለሁ። በወረቀት ላይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። መንገድ ላይ ግን ልዩነቱን የምናውቀው እኔና አለቃዬ ብቻ ነበርን፤ ለሞጣም ለቢቸናም ሰው ያው "የመድኃኒቱ ሰውዬ" ነበርሁ።

ከዚያ በፊት በመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲስት ነበርሁ። ወደ ድርጅቱ የወሰደኝ ደሞዙ ነው፣ አልዋሽም። መንገዱን ግን ማንም አልነገረኝም። ከባሕር ዳር ሞጣ፣ ከሞጣ በደብረ ወርቅ አድርጎ ቢቸና፤ በበጋ አቧራ ትውጣለህ፣ በክረምት መኪና ትገፋለህ። ሚኒባሱ ሰው ካልሞላ አይነሳም፤ ከሞላም በኋላ ይሞላል። ቢቸና ስደርስ የሸሚዜ ኮሌታ ቀለሙ ተለውጦ፣ ወገቤ አልዘረጋ ብሎኝ፣ እንደዚያው ሆኜ ስለ ሳይንስ ላወራ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ለእኔ ያለው ጊዜ በሁለት ሕመምተኞች መሀል ያለው ነው። አንዳንዴ በር ላይ ቆመን እናወራለን፣ አንዳንዴ እጁን እስኪታጠብ።

ሥራው አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። ከመድኃኒቱ ጋር ከሚመጣው ማብራሪያ ወረቀት ውጭ አንድ ቃል ከአፌ መውጣት የለበትም። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ከተጠየቅሁ ጥያቄውን በቅጽ ሞልቼ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ፤ እነሱ ወደ ውጭ አገር ይልካሉ፤ መልሱ ሲመጣ ጠያቂው ወይ ረስቶታል፣ ወይ ተዛውሯል።

ዋናው መድኃኒቴ የስኳር በሽታ ኪኒን ነበር። ነጭ፣ ትንሽ፣ ርካሽ። ወረቀቱ "በቀን አንድ ጊዜ፣ ጧት፣ ከቁርስ ጋር" ይላል። ኪኒኑ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል፤ ሰው ሳይበላ ከዋጠው ግን የሚያወርደው ለመኖሪያ የቀረችውን ነው፤ ከልክ በታች ከወረደች አንጎል የሚኖርበት ያጣል። ይኸን ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እመልሰዋለሁ። አስቀድሜ የምናገረው "አያውቅም ነበር" እንዳይባልልኝ ነው።

በቢቸና የስኳር ሕመምተኞችን የሚያየው አንድ ጤና መኮንን ነበር። ሰዉ "ዶክተር" ይለዋል፣ እሱም ማረም ሰልችቶት ትቶታል። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ ከእኔ በላይ ደክሞት ነበር፤ ስለዚህ ተግባባን። አንድ ቀን ከፋሲካ በኋላ ስሄድ የሕመምተኞቹን መዝገብ ገልጦ አሳየኝ።

"እየው" አለኝ። "በየዓመቱ ይኸው ነው። ሁዳዴ ሲገባ ኪኒኑን ያቆማሉ። ኪኒን መዋጥ ጾም ያስገድፋል ይላሉ። ሁለት ወር ከቆዩ በኋላ ሲመጡ ስኳራቸው መሣሪያው ከሚያነበው በላይ ሆኖ ነው። አንዱ ዓይኑ፣ አንዱ እግሩ፣ አንዱ ኩላሊቱ። እስቲ አለቆችህን ጠይቅልኝ፣ ለሁዳዴ ምን ይላሉ?"

ቅጹን ሞላሁ፣ ላክሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መልስ መጣ። ለረመዳን ጾም የተዘጋጀ ሦስት ገጽ መመሪያ ነበር፤ ጥሩ ወረቀት ነው፣ ሥዕልም አለው። ስለ ሁዳዴ "የተለየ መረጃ የለንም፣ ማብራሪያ ወረቀቱን ይከተሉ" የሚል አንድ መስመር ከሥሩ ነበረበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚውል፣ ለሁለት ወር ያህል የሚቆይ ጾም በዓለም ላይ እንዳለ የሰሙ አይመስሉም።

የረመዳኑን ወረቀት ሞጣ ላሉ ሐጂ ወሰድሁላቸው። ሐጂ መድኃኒት ቤት አላቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም ሞጣ ላይ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ ራሳቸውም ስኳር አለባቸው፣ የሚውጡትም ያንኑ ኪኒን ነው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ሦስቱንም ገጽ አነበቡና ሳቁ።

"ፈረንጅ ይኸን ለመጻፍ ነው የተጨነቀው? ስትበላ ትውጣለህ፣ ካልበላህ አትውጥም። አለቀ። እኔ ሲመሽ ሳፈጥር ነው የምውጠው።" ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። "ለናንተስ ምን ጻፉላችሁ?"

"ምንም፣ ሐጂ።"

"እንግዲያው ቄሶቻችሁን ጠይቋቸዋ። ሰው ሐኪሙን የሚሰማው ንስሐ አባቱ ከፈቀደለት ነው።"

ይኸ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። እውነት ነው፤ በእኛ አገር ሐኪም ያዛል፣ የንስሐ አባት ያጸድቃል። ቢቸና ያለውን ጤና መኮንን አማከርሁት፤ እሱም ደስ አለው። ከድርጅቱ ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ መልሱ የሚመጣው ከሁለት ፋሲካ በኋላ ነው። ሁዳዴ ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የአካባቢውን ቄሶች ጤና ጣቢያው አዳራሽ ሰበሰብናቸው።

ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር የሄድሁት። ክርክር አልነበረም። ጤና መኮንኑ ዓይኑ ስለጠፋው፣ እግሩ ስለተቆረጠው ሰው ሲናገር ቄሶቹ ጥምጥማቸውን ዝቅ አድርገው አዳመጡ። ሁሉም የየራሳቸው የንስሐ ልጅ ትዝ ብሏቸዋል። እኔ ተነሥቼ መድኃኒት ምግብ እንዳልሆነ፣ ሰው ለደስታው እንደማይውጠው ተናገርሁ። ውጭ የሞጣው ሚኒባስ ሹፌር ጥሩምባውን እየነፋ ነበር፤ የዕለቱ የመጨረሻ መኪና ነው፣ ቦርሳዬ ውስጡ ነው። ለሁለት ሳምንት መንገድ ላይ ነበርሁ።

ከፊት የተቀመጡ አዛውንት ቄስ፣ የሁሉም ታላቅ የነበሩት፣ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ተክለው፣ "ልጄ፣ የምትጠይቁን ኪኒኗን ብቻ ነው?" አሉኝ።

እንዲህ አሰብሁ፤ አሁን ምግብም ይበሉ ካልሁ ይኸ ሁሉ ይፈርሳል። ጾም ሊያስፈርሱ መጡ ይባላል። ዛሬ ኪኒኗን ላስፈቅድ፣ ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል። ብልኅ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ጥሩምባው ደግሞ ይጮኻል።

"ኪኒኗን ብቻ ነው፣ አባ" አልሁ። "ጧት፣ በአንድ ጉንጭ ውኃ።"

አዛውንቱ ወደ ሌሎቹ ዞረው ትንሽ ተነጋገሩ። ከዚያ፣ "እንግዲያው ይዋጡ። የንስሐ ልጆቻችሁን እንዲህ በሏቸው፤ በእኛ ላይ ይሁን" አሉ። ጤና መኮንኑ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሮጬ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ሞጣ ስደርስ ሐጂ ሱቃቸውን ሊዘጉ ነበር። ቆሜ ነገርኋቸው፣ እየኮራሁ። "ፈቀዱ፣ ሐጂ! ጧት ጧት ሊውጡ ነው።"

ሐጂ ቁልፉን እጃቸው ላይ ይዘው አዩኝ። "ምን በልተው?"

ቦርሳዬን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወርሁ።

"ያን ወረቀት አንተ አይደለህ እንዴ ያመጣህልኝ?" አሉ። ነገ ደውዬ አስተካክላለሁ አልኋቸው። "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነው" አሉኝና ዘጉ።

በማግስቱ ለጤና መኮንኑ ደወልሁ፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ከሰዓትም ደወልሁ። በጤና ጣቢያው ስልክ ያነሡት ሰዎች ደብረ ማርቆስ ለሥልጠና እንደሄደ ነገሩኝ። መልእክት ልተውለት እችል ነበር። ተመልሼ ቢቸና መሄድ እችል ነበር፤ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ግን ደክሞኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ባገኝ እጽፈው ነበር፤ የለኝም። ወገቤ፣ ባሕር ዳር የሚጠብቀኝ ሪፖርት፣ ያን አቧራ እንደገና ማየት። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ "ቢቸና፣ ምግብ" ብዬ ጻፍሁ፤ በሚቀጥለው ዙር ሁዳዴ ሳይገባ እደርሳለሁ አልሁ። የሚቀጥለው ዙር በስብሰባ ምክንያት ተገፋ። እኔም አልተሟገትሁም። ሁዳዴ ገባ።

በሦስተኛው ሳምንት ጤና መኮንኑ ደወለልኝ። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለሐኪሞች ገለጻ ላቀርብ ኮምፒውተሬን እየሰካሁ ነበር።

አዛውንቱ ቄስ ያንን ጥያቄ የጠየቁት ለሚስታቸው ኖሯል። ሚስታቸውም ስኳር አለባቸው፤ ለዓመታት በየሁዳዴው ኪኒናቸውን ሲያቆሙ ኖረዋል። ዘንድሮ ባላቸው በአፋቸው ስለፈቀዱ አንድም ቀን ሳያጓድሉ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጡ። እኔ እንዳልሁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ምንም አይቀምሱም። ያን ቀን ቅዳሴ ሊያስቀድሱ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ገብተው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ላብ አጠመቃቸው። አጠገባቸው የነበሩ ሴቶች ጾሙ ነው ያደከማቸው አሉ። ቆይተው የማይገጥም ነገር ይናገሩ ጀመር፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ያን ጊዜ መንፈስ ነው ተባለና ተሸክመው ጠበል ወሰዷቸው። ባላቸው ቅዳሴ ውስጥ ነበሩ። ቅዳሴ የገባ ቄስ ሳይፈጸም አይወጣም፤ የሚስታቸውን ስም ውጭ ሲጠሩ ሰምተዋል፣ ግን አልወጡም። ሲወጡ ሰዓቱ ሄዷል። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ አመጧቸው።

"ስኳራቸው አለ ለማለት አይቻልም ነበር" አለኝ ጤና መኮንኑ። "ግሉኮስ በደም ሥር ሰጠን። ዓይናቸውን ገለጡ። ግን አልተመለሱም፣ ወንድሜ። ባላቸውን አያውቋቸውም።" ከዚያ፣ "ምግብ ብለናቸው ነበር?" አለኝ።

"አላልናቸውም" አልሁት። "እኔ አላልሁም" ማለት ነበረብኝ። ያን "ን" ያከልሁት ሸክሙን ለሁለት ለመክፈል ነው፣ እሱም አልተከራከረኝም። ከዚያ ገለጻዬን አቀረብሁ። ምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ አጨበጨቡልኝ።

መድኃኒቱ ሰው ሲጎዳ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቅጽ መሙላት ግዴታዬ ነው። ሞላሁ። ቅጹ "መድኃኒቱ በመመሪያው መሠረት ተወስዷል?" ይላል። "አልተወሰደም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ለምን እንዳልተወሰደ የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ከጊዜ በኋላ መልስ መጣ፤ ስለ ሪፖርቱ አመስግነው፣ ከመመሪያ ውጭ የተወሰደ ስለሆነ ጉዳዩ ተዘግቷል አሉ። አለቃዬ ደግሞ ደውሎ፣ "አንተ አጥፍተሃል ያለህ አለ?" አለኝ። የለም አልሁት። "እንግዲያው ዝም በል። ቢቸና ስትሄድ ስለ ወረቀቱ ብቻ አውራ" አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቹን የሚያሳድግ፣ ለእንጀራው የሚፈራ ሰው ነበር፤ እኔም እንደሱ ነበርሁ።

ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ቢያበቃ ይሻል ነበር። በሆሣዕና ዕለት አዛውንቱ ቄስ ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ "ጾምን ያላላሁት እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር በሚስቴ ቀጣኝ። ከዛሬ ጀምሮ ኪኒኑን አትዋጡ ብያችኋለሁ፣ በጾምም ያለ ጾምም" አሉ። የንስሐ ልጆቻቸው ኪኒናቸውን በፌስታል እያደረጉ ጤና ጣቢያ መለሱ። ጤና መኮንኑ በመሳቢያው ውስጥ አከማችቶ አሳየኝ። በዓመቱ ውስጥ ከመለሱት ሰዎች አንዱ የእግሩ ቁስል አልድን ብሎት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተቆረጠ።

"ለአባ ነግሬያቸዋለሁ" አለኝ ጤና መኮንኑ። "ቅጣት አይደለም፣ ሳይበሉ መዋጣቸው ነው ብያቸዋለሁ። ልታጽናናኝ ነው፣ ልጄ፣ አሉኝ፤ አያምኑኝም። ከአንተ አፍ ካልሰሙት አያምኑም። ኪኒኗን ብቻ ያልሃቸው አንተ ነህ።"

እሺ አልሁት። በዚያ ዙር ግን መኪና ሊያመልጠኝ ነው አልሁ። በሚቀጥለው እሳቸው ለቅሶ ሄደዋል ተባለ፣ ደስ አለኝ። በሌላው ዝናብ ነበር። አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። ቢቸና ስገባ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለውን መንገድ ትቼ በገበያው ዞሬ እሄድ ነበር፤ ረጅም ነው፣ ጭቃም አለው፣ ግን እዞር ነበር። በየወንበሩ ተቀምጬ ስለ አዳዲስ ጥናቶች ሳወራ ድምፄ የራሴ አይመስለኝም ነበር። ሞጣ ላይ ሐጂ ሻይ ያዝዙልኛል፣ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ባለመጠየቃቸው እናደድባቸው ነበር።

የነነዌ ጾም ተፈታ። ከዚህ በኋላ ሁዳዴ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ሁዳዴ ሳይገባ ሌላ ዙር እንደማይኖረኝ፣ እነዚያም ሰዎች ሌላ ዓመት እንደማይኖራቸው አውቄ፣ ማክሰኞ ዕለት ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ ወደ ቄሱ ቤት ሄድሁ። ለድርጅቱም ለጤና መኮንኑም አልተናገርሁም።

አዛውንቱ ግቢያቸው ውስጥ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሚስታቸው አጠገባቸው በርጩማ ላይ ናቸው። ነጭ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ተሠርቷል፤ ማን እንደሠራላቸው አልጠየቅሁም። እንዝርት ይዘዋል፣ አያሾሩትም። ስገባ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ባላቸው ዞረው፣ "ቤትዎ ሩቅ ነው?" አሏቸው።

"ቅርብ ነው" አሉ ቄሱ። ቀን በቀን የሚመልሱት መልስ እንደሆነ ከድምፃቸው ታወቀኝ። ከዚያ እኔን፣ "ግባ፣ ልጄ። ተቀመጥ" አሉኝ።

አልተቀመጥሁም። ከተቀመጥሁ ስለ አየሩ እንደማወራ አውቃለሁ። ቆሜ ነገርኋቸው። ኪኒኑ ምግብ እንደሚፈልግ፣ ያለ ምግብ እንደሚጎዳ፣ ይኸ በወረቀቱ ላይ እንደተጻፈ፣ ያን እሑድ ሲጠይቁኝ እንዳልነገርኋቸው ነገርኋቸው። እግዚአብሔር አይደለም፣ እኔ ነኝ አልሁ።

መሬት መሬት እያዩ ጠየቁኝ። "ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ አባ።"

"ለምን አልነገርኸኝ?"

"እንጀራውንም ስለምን ኪኒኑን እንዳላጣ ፈራሁ። መኪናውም ሊሄድብኝ ነበር።"

"ፈራህ" አሉ። "ሕመምተኛ እኮ ጾም አይገደድም፣ ልጄ። ከጥንትም ሥርዓቱ ይኸ ነው። ብትጠይቀኝ እንጀራውንም እፈቅድልህ ነበር። እንድትጠይቀኝ ነበር የጠየቅሁህ።"

ይቅር በሉኝ ለማለት አፌን ከፈትሁ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አነሡ፤ ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር።

"ዓመቱን ሙሉ እግዜር ቀጣኝ ብዬ ስሰግድ ኖርሁ። ከባድ ነው፣ ግን ከእሱ ጋር ሰው ይስማማል። አለቀስሁ፣ ለመንሁት፣ ይኸው ተቀበልሁ፤ ካለ ነገር አይመታኝም ብዬ። አሁን አንተ መጥተህ ቅጣት አልነበረም አልኸኝ።" ወደ ሚስታቸው አዩ። "ምን ያህል ይበቃት ነበር?"

"ምኑ፣ አባ?"

"ምግቡ። ምን ያህል ብትቀምስ ነበር?"

ዋሽቼ ብዙ ልላቸው ፈለግሁ። "ሩብ እንጀራ" አልሁ።

ቄሱ ወደ ጓዳው በር ዞሩ። "እንጀራ ሞልቶ ነበር እኮ" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን። ሲያለቅሱ ድምፅ አልነበረውም፤ ጢማቸው ነው የራሰው። እኔ ቆሜአለሁ። ሚስታቸው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ እያገላበጡ ያዩታል።

ሲቆይ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "እሑድ ለሕዝቡ እነግራለሁ። ኪኒኑንም ቁርሱንም፣ ሁለቱንም። ስሕተት የተናገርሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ የአንተን ስም አልጠራም። አንተ ግን አትምጣ።"

"እሺ፣ አባ።"

"ወደዚህ ቤትም አትምጣ። ለጥላቻ አይደለም። ሳይህ ሩብ እንጀራ ነው የማየው።"

እሺ አልሁ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ በሩ ሦስት እርምጃ ያህል እንደሄድሁ ሚስታቸው ከኋላዬ ተናገሩ። ድምፃቸው የባለ ቤት ድምፅ ነበር፣ ምንም ያልጎደለበት።

"ይኸ ልጅ ምንም ሳይቀምስ ነው እንዴ የሚሄደው?" አሉ። "አይሆንም። ነውር ነው።"

ዞር አልሁ። ቄሱ ሚስታቸውን እያዩ ነበር፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጓዳ ገቡ፣ በሳሕን እንጀራ በሽሮ ይዘው ወጡና ከፊቴ አስቀመጡት። እሳቸው አልተቀመጡም። ሚስታቸው "ብላ፣ ልጄ" ይሉኛል፣ ደጋግመው። ጾም አልነበረም፤ እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። ሌላ በርጩማ ስቤ ተቀመጥሁና በላሁ።